አንድ ቢጫ ወረቀት እስካለ

እናቴን ተኝታ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋት በሰባት ዓመቴ ነው። ቤታችን ውስጥ አይደለም። አንድ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ከኮሪደሩ ግድግዳ ጋር በተጠጋ ቡናማ ሶፋ ላይ ነው። አፏ ገርበብ ብሏል፤ አንድ እጇ ከሶፋው ወርዶ ወለሉን ሊነካ ምንም አልቀረው፤ አንደኛው ጫማዋ ከእግሯ ወልቆ በጎኑ ወድቋል። የሞተች መሰለኝ። ተንበርክኬ ጉንጬን ወደ አፏ አስጠጋሁ። ትንፋሿ ይሞቃል፤ ቀሚሷ የሳሙናና የተተኮሰ ጨርቅ ሽታ አለው። ተነሥቼ በእግሬ ጣቶች እየረገጥኩ ወደ ክፍሉ ተመለስኩ፤ ለማንም አልተናገርኩም።

ይህን ያህል የደነገጥኩት እናቴ የማትተኛ ሰው ስለነበረች ነው። ለማጋነን አይደለም፤ ያን ጊዜ የነበረኝ እውቀት ይኸው ነበር። እኛ ስንተኛ ካውያዋን ይዛ ቆማለች፤ ስንነቃ ሄዳለች። ገና ሳይነጋ የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ገብታ በእንፋሎት መሃል እርጥብ አንሶላ ስትጎትት ታረፍዳለች፤ ከዚያ ትመለስና የሰው ልብስ ትተኩሳለች። አልጋዋ ሁልጊዜ እንደተነጠፈ ነው። አንዳንድ ሰው ወተት አይስማማውም እንደሚባለው፣ እናቴንም እንቅልፍ የማይስማማት ይመስለኝ ነበር። ያን ቀን ሶፋው ላይ ሳያት አንድ ነገር ገባኝ፤ ወይም የገባኝ መሰለኝ። ለካ እንቅልፍ የምታገኘው እዚህ ሕንፃ ውስጥ ብቻ ነው።

ወደ ሕንፃው የምንሄደው በወንድሜ ምክንያት ነበር።

ወንድሜ ያኔ አምስት ዓመቱ ነው። ሲወለድ በደረሰበት ጉዳት እግሩም፣ እጁም፣ ምላሱም አይታዘዙትም። የሚታዘዘው የቀኝ እጁ ሌባ ጣት ብቻ ነው፤ እሱም ደስ ባለው ጊዜ። ጭንቅላቱ ግን ምንም አልሆነም። የሚባለውን ሁሉ ይሰማል፣ ይስቃል፣ ይቀየማል። አዎ ሲል ዓይኑን ወደ ላይ ይሰቅላል፤ አይ ሲል ይጨፍናል። የሰፈሩ ሰው «አለቃ» ይለዋል። ስሙን ያወጣችለት ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ናት፤ አዝለን እናዞረዋለን፣ በማንኪያ እናበላዋለን፣ እሱ ደግሞ ቁጭ ብሎ ይታዘበናል፣ አለቃ ማለት ሌላ ምን አለው ብላ።

የአለቃ አስተርጓሚ እኔ ነበርኩ። አዎና አይ ማለቱን ማንም ያውቃል፤ እኔ ግን የከንፈሩን ዳር አነሣሥ፣ የአንገቱን አዟዟር ሁሉ አነባለሁ። ሰው እሱን እያየ እኔን ይጠይቃል፦ ምን አለ? እኔም እናገራለሁ። አንዳንዴ ያላለውንም እናገራለሁ። ብስኩት አማረው እላለሁ፤ ብስኩቱ ሲመጣ ግማሹ የእኔ ነው። በዚህ ተጣልተን አናውቅም። ብስኩት ይወዳል።

እዚያ ሕንፃ ውስጥ ለማይናገሩ ልጆች የሚናገር ሳጥን ይሠራ ነበር። ሳጥኑ ላይ አሥራ ሁለት ሥዕሎች አሉ፤ ሥዕሉን ስትጫኑት ቃሉን ይናገራል። ለእናቴ የነገረቻት የሆስፒታሉ ነርስ ናት። የሚገርመው ግን ሳጥኑን የሚሠሩት ትልልቆቹ ብቻ አለመሆናቸው ነው። እኛም ሠሪዎች ነን ተባልን፤ አለቃ፣ እኔ፣ የፊት ጥርሶቹ የወለቁና ስለዚህም «ወላቃው» የምንለው ልጅ፣ እንዲሁም ሁለት ጉንጉን ያላት፣ ማጣበቂያ የምትልስ ልጅ። ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሁላችንም ሰማያዊ ምንጣፍ ላይ እንቀመጣለን። ትልልቆቹም ምንጣፉ ላይ ይቀመጣሉ። ወንበር የለም። እኛ ካልለመንናቸው በቀር እርሳስ አይነኩም። ከሁሉም የባሰው ደግሞ አንተ፣ አንቺ በሉን አሉ።

ይህን ለእናቴ ስነግራት ካውያዋን አቁማ አየችኝ። «ስድ አድርገው ሊመልሱልኝ ነው» አለች። በመጨረሻ እኔና እሷ ተስማማን፤ አንቺ እላለሁ፣ ግን «እትዬ» ከፊት ይቀድማል። በዚህ ምክንያት የክፍሉ ኃላፊ የሆነችው፣ ጉልበቷ እስኪደነዝዝ ምንጣፉ ላይ የምትቀመጠው ወጣት ሴት «እትዬ ምንጣፍ» ተብላ ቀረች። ሳጥኑን የሚፈታውና የሚገጥመው መሐንዲስ ሁልጊዜ ሁለት ሦስት ብሎን በከንፈሩ ይዞ ስለሚሠራ «ጋሼ ብሎን» ሆነ። ብሎኖቹን ሳያወጣ ነው የሚያወራው፤ ቃሉ ሁሉ ከጥርሱ መሃል ተጨምቆ ይወጣል።

ቃላቱን የመረጥነው እኛ ነን። አዎ፣ እምቢ፣ ውሃ፣ ሽንት፣ አመመኝ፣ እማዬ። እኔ «እህቴ» ይግባ አልኩ፤ ገባ። «ብስኩት» ይግባ አልኩ፤ እሱም ገባ። ወላቃው «ሂድልኝ» ካልገባ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ ብሎ አኮረፈ፤ ገባለት። የአለቃ ፎቶ ያለበት ደግሞ ሙሉ ስሙን ይናገራል። ድምፁ የእኔ ነበር። ቁም ሣጥን ውስጥ ብርድ ልብስ ሰቅለው፣ በሩን ዘግተው፣ ጨለማው ውስጥ ቆሜ አሥራ ሁለቱን ቃላት አንድ በአንድ ተናገርኩ። ከቁም ሣጥኑ ስወጣ ላብ አጥምቆኛል፤ ኩራት ግን እንደዚያ ቀን ተሰምቶኝ አያውቅም።

በየቀኑ ሥራው የሚያበቃው በወረቀት ነው። ሦስት ዓይነት ቀለም ያላቸው ትንንሽ የሚለጠፉ ወረቀቶች አሉ። የወደድከው ነገር ካለ አረንጓዴ፣ አዲስ ሐሳብ ካለህ ሰማያዊ፣ ያልተስማማህ ነገር ካለ ቢጫ ትለጥፋለህ። መጻፍ የማይችል ይሥላል። እትዬ ምንጣፍ መጀመሪያ ቀን ላይ ግድግዳውን እያሳየች ሕጉን ነገረችን፤ ድምጿ መሐላ የምትምል ሰው ድምፅ ነበር።

«አንድ ቢጫ ወረቀት እስካለ ሥራው አላለቀም» አለች። «የማንም ይሁን። የኃላፊዎቼም ቃል፣ የአምስት ዓመት ልጅም ቃል እኩል ነው።»

ሌሎቹ ልጆች ይህን ሰምተው ረሱት። እኔ አልረሳሁትም።

ዛሬ እንዲህ ያለው አሠራር በብዙ አገር እንዳለ አውቃለሁ፤ ለልጆች የሚሠራን ነገር ከልጆች ጋር መሥራት። ጥሩ አሠራር ነው፤ አሁንም ጥሩ ነው ብዬ አምናለሁ። ያ ሕግ እዚያ ግድግዳ ላይ እንዲቆም እትዬ ምንጣፍ ከኃላፊዎቿ ጋር ስንት ቀን እንደተከራከረች ግን ያኔ አላውቅም ነበር።

ሥራው ሊያልቅ ሲል እናቴና ልብስ ሰፊዋ በራችን ላይ ቆመው ሲያወሩ ሰማሁ። ሐሙስ የመጨረሻው ነው ብለውኛል አለች እናቴ። እሰይ፣ ተገላገልሽ አለች ልብስ ሰፊዋ። እናቴም ያንን ደረጃ ይህን ልጅ አዝዬ ከእንግዲህ አልወጣም፣ ወገቤ አለቀ አለች። ከዚያ ስለ ትምህርት ቤት አወሩ። ዳይሬክተሩ ለእናቴ ቃል ገብቶላታል፤ ልጁ ሲጠየቅ ስሙን ከተናገረ፣ ሽንቱ ሲመጣ ካስታወቀ፣ ሌላ አልጠይቅም፣ እቀበለዋለሁ ብሏል። ምዝገባው ግን ሁለት ወር ሳይሞላ ይዘጋል።

ሁሉንም ሰምቻለሁ። የያዝኩት ግን ደረጃውን ነው። ደረጃው ከሌለ ሶፋው የለም፤ ሶፋው ከሌለ እንቅልፍ የለም። የምዝገባው ነገር አላስጨነቀኝም። የሱቅ በር ይዘጋል፤ ፋርማሲ ይዘጋል፤ የሆስፒታሉም በር ይዘጋል። እኔ የማውቀው የሚዘጋ ነገር ሁሉ ጠዋት ይከፈት ነበር።

ሐሙስ ደረሰ። ሳጥኑ በአለቃ ጭን ላይ ተቀመጠ፤ ወላቃው አረንጓዴ ለጠፈ፤ ባለጉንጉኗ ሁለት አረንጓዴ ለጠፈች፤ አንዱን ልሳዋለች። ጋሼ ብሎን ብሎኖቹን ከአፉ አውጥቶ ኪሱ ከተተ፤ ሲያልቅ ብቻ ነው እንዲህ የሚያደርገው። እትዬ ምንጣፍ አለቃን ወደድከው ወይ ብላ ጠየቀችው።

አለቃ ሳጥኑን ለመጫን ሞከረ፤ ጣቱ ግን ሲደሰት ይብስበታል፤ ተንሸራቶ «አዎ»ንና «ብስኩት»ን አንድ ላይ ተጫነ። ስለዚህ በአሮጌው መንገድ መለሰ። ዓይኑን ወደ ላይ ሰቀለ። ለረጅም ጊዜ ሰቀለ፤ ኮርኒሱ ላይ የተጻፈ ነገር እንደሚያነብ ሰው።

ጋሼ ብሎን ወደ እኔ ዞረ። «ምን አለ?»

በሩ ክፍት ነበር። የእናቴ እጅ ከሶፋው ወርዶ ይታየኛል።

«አልወደደውም» አልኩ። «ሥዕሎቹ ጠበቡት።»

ቢጫ ወረቀት አነሣሁ፤ ትንሽ ሥዕልና ትልቅ ጣት ሣልኩ፤ ለጠፍኩ። አለቃ ዓይኑን ከኮርኒሱ አውርዶ አየኝ። እትዬ ምንጣፍ እቅፍ አድርጋ አመሰገነችኝ፤ ደፍሮ መናገር ማለት ይህ ነው አለች። ጋሼ ብሎን ብሎኖቹን ከኪሱ አወጣና ወደ አፉ መለሰ።

ሥዕሎቹ ሰፉ። ቀጥሎ ድምፁ በዛበት አልኩ። ድምፁ ቀነሰ። ቀጥሎ ሳጥኑ ከበደው፤ ቀጥሎ ጠርዙ ጭኑን ወጋው፤ ቀጥሎ ቀለሙ አስጠላው። አንድ ማክሰኞ ምንም የምለው ጠፋኝና ይሸታል አልኩ። ጋሼ ብሎን ሳጥኑን አንሥቶ አሸተተው። እትዬ ምንጣፍም አሸተተችው። ከዚያ ወላቃው አሽትቶ እውነት ይሸታል አለ፤ ምስክር ሆነልኝ። ጋሼ ብሎን ይህች ልጅ ጡረታ ሳታስወጣኝ አትተወኝም ብሎ ሳጥኑን ይዞ ሄደ። ሁሉም ሳቁ። እኔ ሳጥን መፍታትና መግጠም የሚወድ ይመስለኝ ነበር፤ እንደ እኛ የሚጫወት። ዓይኑ ሥር የከረመውን ጥቁረት አላየሁትም፤ ወይም አይቼው የትልቅ ሰው ፊት እንዲህ ነው ብዬ አልፌዋለሁ።

አንድ ቀን ክራባት ያሠረ ሰውዬ መጣ። ከክፍሉ የመስታወት ግድግዳ ማዶ ከእትዬ ምንጣፍ ጋር ቆመው ሲነጋገሩ ሰማኋቸው። እስከ መቼ ነው አላት። ግድግዳው ላይ ቢጫ አለ አለችው። የሰባት ዓመት ልጅ እኮ ናት አለ ሰውዬው። «የጠራናትም ለዚሁ ነው» አለች። ያን ቃል ለሳምንት ያህል ለራሴ ስደጋግመው ከረምኩ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ሥራው የተጻፈበትን ዘገባ አግኝቼ አነበብኩት። ብዙ ሠንጠረዥ አለው። አሥራ አራተኛው ገጽ ላይ «ከሕፃናት አጋሮቻችን አንዷ ለጥራት ያሳየችው ጥንቃቄ ከተጠበቀው በላይ ነበር» ይላል። ዘገባውን ዘግቼ ወደ ሥራዬ ሄድኩ፤ ምሳ ግን አልበላሁም።

ሐቁን ለመናገር፣ እናቴ በእርግጥ ትተኛ ነበር። ይህ ብቻ ውሸት አልነበረም። ዛሬ ስለዚያ ሕንፃ ብትጠይቋት ስለ ሳጥኑ ብዙ አታስታውስም። የምታነሣው ሶፋውን ነው። እንደዚያ ሰሞን ተኝቼ አላውቅም ትላለች፤ ዘበኛው እንኳ እኔን ላለመቀስቀስ ቁልፉን በእጁ ጨብጦ ነበር የሚያልፈው። ይህን ስትል ፊቷ ይፈታል። እኔ ወደ ሌላ ወሬ እገባለሁ።

አለቃ በእኔ ላይ መለወጥ ጀምሮ ነበር። ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ ታዝለዋለች፤ እኔ ከኋላ ቦርሳውን ይዤ እከተላለሁ። ድሮ አገጩን ትከሻዋ ላይ አድርጎ ወደ ኋላ ያየኝ ነበር፤ ፊቴን ሳጣምምለት እየሳቀ ምራቁ በጀርባዋ ይወርዳል። ያን ሰሞን ግን ፊቱን ወደ ሌላው ትከሻ አዞረው። እኔ በዚህኛው በኩል ብሄድ ወደዚያኛው ያዞራል፤ በዚያኛው ብሄድ ወደዚህኛው። አንገቱን ማዞር ለእሱ ቀላል ሥራ አልነበረም። እናቴ እረፍ እንጂ፣ ወገቤን ገደልከኝ ትለው ነበር። እኔም ደክሞት ነው እላለሁ፤ አሁንም እየተረጎምኩለት።

ከዚያ ያ ማክሰኞ መጣ። ሳጥኑ ሰፍቷል፣ ቀሏል፣ ጠርዙ ተሞርዷል፣ ሽታውም ጠፍቷል። እትዬ ምንጣፍ እንደ ልማዷ ጠየቀችው። አለቃ ዓይኑን አልሰቀለም፤ አልጨፈነምም። ወደ እኔም አላየም። ጣቱን ወደ ሳጥኑ ላከ። ክንዱ እየተንቀጠቀጠ፣ ከንፈሩን ነክሶ፣ ቀስ ብሎ፣ አንድ ሥዕል ላይ አሳረፈ።

«እህቴ» አለ ሳጥኑ፤ በእኔ ድምፅ።

ጣቱን አነሣ። እንደገና ላከ።

«እምቢ።»

ጋሼ ብሎን መሥራቱን አቆመ። አለቃ ደገመው። እህቴ፤ እምቢ። ሦስተኛ ጊዜ ሲጫን ላቡ ከግንባሩ ወርዶ ሳጥኑ ላይ ተንጠባጠበ። አንድም ጊዜ አልተንሸራተተም።

እትዬ ምንጣፍ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። እንዴት ሳናስበው ቀረን አለች ለጋሼ ብሎን፤ ወንድ ልጅ እኮ ነው፣ በእህቱ ድምፅ እንዲናገር አደረግነው። ጋሼ ብሎን ራሱን ነቀነቀ። ልክ ነው አለ፤ እኔም ብሆን አልወድም ነበር። እትዬ ምንጣፍ አለቃ ፊት ተንበርክካ ይቅርታ ጠየቀችው። አለቃ ዓይኑን ጨፈነ። አጥብቆ ጨፈነ። አየሽ፣ የእሷን ድምፅ አልፈልግም እያለ ነው አለች።

ከትልልቆቹ ይልቅ ይህን ያመንኩት እኔ ነኝ። ድምፄን ጠላው ብዬ አለቀስኩ። እነሱም አጽናኑኝ፤ ጭማቂ ሰጡኝ። ከአሥራ ሁለቱ ቃላት መሃል «ትዋሻለች» የሚል እንዳልነበረ ያሰብኩት ካደግኩ በኋላ ነው። ቃላቱን ስንመርጥ ይህም ያስፈልገዋል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ቁም ሣጥኑ ውስጥ አሁን ወላቃው ገባ። ድምፁን ለመቅዳትና ሳጥኑ ውስጥ ለመጫን ሦስት ሳምንት ወሰደ። ጥርስ ስለሌለው ሁሉም ቃል እየፈሰሰ ነው የሚወጣው፤ «እህቴ» ሲል ነፋስ ይበዛዋል። ለእኔ ግን ከዚያ ወዲያ ሳጥኑ ሳጥን ብቻ ሆነ። በመጨረሻው ሐሙስ ማንንም ሳላይ፣ ወደ ኮሪደሩም ሳልዞር፣ አረንጓዴ ለጠፍኩ። በኩርፊያ ነው የለጠፍኩት። ትልልቆቹ አጨበጨቡ። ጋሼ ብሎን ብሎኖቹን ኪሱ ከትቶ ምንጣፉ ላይ በጀርባው ተጋደመ፤ ሲነሣ አላየሁትም።

በማግስቱ ጠዋት እናቴ ፈቃድ ጠይቃ ከሥራ ቀረች። ቀሚሷን ተኮሰች፤ የአለቃን ሸሚዝ ሁለት ጊዜ ተኮሰች። ዳይሬክተሩ ቢሮ ስንገባ ሰውዬው ከመቀመጫው ተነሣ፤ ደግ ሰው ነበር። ሳጥኑን አለቃ ጭን ላይ አደረግንለት። ዳይሬክተሩ ስምህ ማን ነው ሲል፣ ሁሉም ሰው እንደሚያደርገው እኔን እያየ ነበር። አለቃ ፎቶውን ተጫነ። ወላቃው ከሳጥኑ ውስጥ ሙሉ ስሙን ተናገረ። ዳይሬክተሩ ፊቱን ወደ አለቃ መለሰና ሁለት ሌላ ነገር ጠየቀው፤ አለቃም ሁለቱንም መለሰ። «ጎበዝ» አለው ዳይሬክተሩ። እናቴ ትንፋሿን ስታወጣ ሰማኋት።

ከዚያ ዳይሬክተሩ መዝገቡን ገለጠ። ምዝገባው ከተዘጋ ዘጠኝ ቀን ሆኖታል አለ። ክፍሉ ሞልቷል፤ ለእሱ የሚሆን ቦታ ይዤ ብዙ ጠብቄያችሁ ነበር፤ ከዚያ በላይ አልቻልኩም። «ለከርሞ ይዛችሁት ኑ» አለ። «ቃሌ ቃል ነው።»

«ነገ ጠዋት አይከፈትም?» አልኩት።

ዳይሬክተሩ ፈገግ አለ። እናቴ ግን እሺ፣ እግዜር ይስጥልን ብላ ወንድሜን አዘለችው። ከግቢው ከወጣን በኋላ አጥሩ ሥር የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፤ እሱን ሳታወርድ፣ እንዳዘለችው። መኪኖች ያልፋሉ። አታለቅስም። ቦርሳውን ይዤ ፊቷ ቆምኩ። ዘጠኝ ቀን ብዙ ይሁን ጥቂት ማወቅ አልቻልኩም ነበር፤ በጣቴ ብቆጥረው ከሁለት እጅ አንድ ጣት ይተርፋል።

ለከርሞ ስንሄድ ዳይሬክተሩ ተዛውሮ ነበር። አዲሱ ሰውዬ እኔ የገባሁት ቃል የለም አለ። አለቃ ትምህርት ቤት የገባው በስምንት ዓመቱ ነው፤ ከሁሉም ረዝሞ፣ ከትንንሾቹ ጋር። እስከዚያ እናቴ ሥራ፣ እኔ ትምህርት ቤት ስንሆን እሱ ቤት ይውላል። ልብስ ሰፊዋ በሩን እየከፈተች ታየዋለች፤ ውሃ ታጠጣዋለች፤ ወደ ስፌት መኪናዋ ትመለሳለች። ስመለስ ደብተሬን ሳላስቀምጥ ትነግረኛለች፦ ያ ሳጥን ዛሬም ጠዋቱን ሙሉ እህቴ፣ እህቴ ሲል አረፈደ። ባትሪው እስኪያልቅ ይጣራል። መጥቼ አጠገቡ ስቀመጥ ደግሞ አያየኝም።

አለቃ አሁን ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው። ማተሚያ ቤት ውስጥ አራሚ ነው፤ በሌላ ሰው ጽሑፍ ውስጥ የተደበቀ ስህተት እንደሱ የሚያገኝ የለም ይላሉ። አዲሱ መሣሪያው የሚፈልገውን ቃል ሁሉ ይጽፍለታል፣ ይናገርለታል፤ በአንድ ጣት ስለሚጽፍ ግን ቀስ ይላል። ሰው መጠበቅ ያቅተውና ዓረፍተ ነገሩን ይጨርስለታል። እኔም ስጨርስለት ኖሬያለሁ።

ባለፈው ዓመት እናቴ ቤት ተገናኝተን ነበር። እሷ ማዕድ ቤት ሳህን ታጥባለች። ነገርኩት። ሶፋውን፣ ቢጫዎቹን፣ ሽታውን፣ ሁሉንም። ስናገር ወለሉን እያየሁ ነበር። ስጨርስ ጣቱ መንቀሳቀስ ጀመረ። ብዙ ጊዜ ፈጀ። ድምፁን አጥፍቶት ስለነበር የመሣሪያው መስታወት ላይ አነበብኩት።

«አውቃለሁ። በሩ ለእኔም ክፍት ነበር። እኔም ተኝታ አያት ነበር።»

ከዚያ ሌላ መስመር ጻፈ።

«የተጠየቅሁት እኔ ነበርኩ። መልሱን የሰጠሽው አንቺ ነሽ።»

ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት ጣቱን አነሣ፤ ገና አልጨረስኩም ማለቱ ነው። ጠበቅሁ። ማዕድ ቤት ውሃው ይፈሳል፣ ይቆማል፣ ይፈሳል።

«ለእሷ አትንገሪ። ያንን እንቅልፍ አትቀሚያት።»

እናቴ እጇን በፎጣ እየጠረገች ገባች። አሁን ወገቧ ጎብጧል፤ ለመቀመጥ ወንበሩን በእጇ ትፈልጋለች። ጣቱ መሣሪያው ላይ መሆኑን አይታ ወደ እኔ ዞረች።

«ምን እያለ ነው?» አለችኝ።

መልሱ አፌ ላይ ነበር። ስለ ሥራ እያወራን ነው፣ ደክሞታል፣ ሻይ ይፈልጋል፤ ሃያ ዓይነት መልስ ነበረኝ።

«እሱን ጠይቂው» አልኳት።

እናቴ ትንሽ ግራ ተጋብታ አየችኝ። ከዚያ ወንበሯን ወደ እሱ አዞረችና ጠየቀችው። አለቃ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ እሷ አየ፤ ጣቱንም ወደ መጀመሪያው ፊደል ላከ። ምን እንደሚል አላውቅም ነበር። እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ።